አስተርጓሚው ዝም ያለበት ፊልም

ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ባለው ቪዲዮ ቤት፣ ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጦ ፊልሙን በማይክሮፎን የሚያስተረጉመው ልጅ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ፊልሞቹ የሚመጡት በወንዝ ማዶ ሰዎች ቋንቋ ነው። "ከየት ለመድከው?" ሲሉት "ፊልም ሳይ" ይላል። የእናቱ ቋንቋ መሆኑን ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ለቲኬት ቆራጯማ በጭራሽ።

ቲኬት ቆራጯ በሩን ዘግታ ስትጨርስ አግዳሚው ላይ አጠገቡ ትቀመጣለች። ክንዷ ክንዱን ከነካው፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ክንዱን አያንቀሳቅስም። አባቷ አናጢው ግን የወንዝ ማዶ ሰው ደጁ ላይ ከቆመ ውሻ የሚፈታ ሰው ነው።

የዚያን ቀን ፊልም ዘሩን ደብቆ የከተማ ልጅ ስላፈቀረ የወንዝ ማዶ ልጅ ነበር። ልጁ ከፍቅረኛው ጋር ሲሄድ እናቱን መንገድ ላይ አገኛትና እንዳላየ ሆኖ አለፋት። እናትየዋ ከኋላው አንድ ነገር ተናገረች።

አስተርጓሚው አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣውም።

"አስተርጓሚ፣ ተኛህ እንዴ?" አለ አንዱ ከፊት።

"ባትሪው አልቆ ነው" አለ ሌላው፤ ቤቱ ሳቀ።

ከአራተኛው ረድፍ አንዲት ሴት፣ ቃሉ የጠፋበት መስሏት፣ "'ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ' ነው የምትለው" አለች። የአስተርጓሚው እናት ነበረች። የአገሯ ሰዎች ፊልም እንደሚታይ ጎረቤት ሹክ ቢላት፣ ለእሱ ሳትነግረው መጥታለች።

"እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ከየት አወቁት?" አላት ከፊት የተቀመጠው።

"አፌን የፈታሁበት ነዋ።"

"ታዲያ አስተርጓሚውን ልጅ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት?"

ወደ መጋረጃው አየች። ነገሩ ያን ጊዜ ገባት።

"ኧረ እኔ አላውቀውም" አለች።

ቲኬት ቆራጯ ማይክሮፎኑን በእጇ ሸፈነችው። "አንተስ? ታውቃታለህ?"

"እናቴ ናት።"

ልቤ ይደልቃል ብሎ ጠበቀ፤ ምንም የለም። ብዙ እንደተቀመጡበት እግር ደንዝዟል። እሷ እጇን ከማይክሮፎኑ አነሳችና ክንዷን ሰበሰበች። የቀረውን ፊልም የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚያነብ ሰው አስተረጎመው።

መብራቱ ሲበራ እናቱ ሻሿን አስተካክላ ወደ በሩ አመራች። መጋረጃውን ገልጦ ወጣና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በእሷ ቋንቋ "እማዬ፣ ቆይኝ" አላት። ሰምታ እንዳልሰማች ሄደች፤ እሱን መጥቀሟ ነበር።

በሩ ጋ ቲኬት ቆራጯ ክንዷን ያዘቻት። "እትዬ፣ ልጅዎ እየጠራዎት ነው" አለቻትና ለቀቀቻት። ከዚያ ለሁለተኛው ዙር ተሰላፊዎች ቲኬት ልትቆርጥ ተቀመጠች።

"ከማን ልጅ ጎን እንደምትቀመጪ አባትሽ ያውቃል?" አላት ከሰልፉ አንዱ።

"ዛሬ ያውቃል" አለችና ቲኬቱን ቀደደችለት። አስተርጓሚውን ቀና ብላ አላየችውም። እሱና እናቱ ግድግዳውን ተጠግተው ሰው እስኪያልፍ ቆሙ።