ሦስተኛው ጉድጓድ

ዱሪ የዳገቱን በረዶ ጥንካሬ ሊፈትሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ሲጨርስ ፀሐይ ገና ሸንተረሩን አልዘለቀችም። ከበረዶው ግድግዳ ላይ ዓምድ ቀረጸና አካፋውን አናቱ ላይ አስተኝቶ፣ በእጁ አንጓ ብቻ፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ መታ መታ አደረገው። ዓምዱ ከወገቡ ተቆርጦ ተንሸራተተ። ከሥር ያለው በረዶ እንደ ስኳር የላላ ነበር፤ የላዩን ሸክም የሚችል አልነበረም።

በረዶው ሊናድ እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? ሌላ ቀን ቢሆን ወደሚያስተዳድረው የተራራ ማረፊያ ገብቶ፣ ለመንደሩ በሬዲዮ «ዳገቱን እንዳትነኩ» ብሎ፣ የገብስ ሾርባውን ይጥድ ነበር። ዛሬ ግን ልጁ ማድላይና ልትሰናበተው ልትወጣ ነው። ነገ ወደ ኒውዚላንድ ትበራለች፤ ለሥራ ነው ትበል እንጂ የምትመለስ አትመስልም። በብርዱ ወራት ደግሞ ከዚህ ዳገት ሌላ መውጫም መውረጃም የለም።

ስለዚህ ፈንጠር ብሎ ሁለተኛ ጉድጓድ ቆፈረ። የዚያም ዓምድ ተቆረጠ። ሦስተኛውን ከቋጥኙ ጥግ ቆፈረ። እዚያ ክንዱን ከትከሻው እያነሳ ቢደበድበው ዓምዱ ንቅንቅ አላለም። ደስ አለው፤ ወዲያው ግን በደስታው አፈረ። ለጀማሪ ተራራ ወጪዎች «የምትፈልጉትን መልስ እስክታገኙ ከቆፈራችሁ የራሳችሁን መቃብር ቆፈራችሁ» እያለ ሲሰብክ የኖረው እሱ ራሱ ነው።

ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ ጫማዬን እያሰርኩ ነው። ልነሳ?»

«አትምጪ።»

«እንዴ! ሰማዩ እኮ ጥርት ብሏል!»

«የምትረግጪው ሰማዩን አይደለም።»

«በቃ አንተ ውረዳ! ስንት ዓመት በበረዶ መንሸራተቻ የወረድክበት ዳገት አይደል?»

«ዱካዬን ያየ ሁሉ ‹ዱሪ ከወረደማ› ብሎ ይከተለኛል፣ የኔ ልጅ።»

«ለሌላው ሰው ስትጨነቅ አንደኛ ነህ። ለኔ ግን አንድ ቀን…» አልጨረሰችውም፤ ዘጋችው።

ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ለእሷ የጋገረው የለውዝ ኬክ ሳይቆረስ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዳገቱ ፀሐይ እየሞቀ ዝም አለ። ከሰዓት በኋላ ሆድ ባሰውና «ተናድ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!» ብሎ ጮኸበት። ዳገቱ ግን ወይ ፍንክች።

ሲመሻሽ ደወለች።

«ተናደ?»

ዳገቱ ከመንደር አይታይም። አዎ ቢላት ታምነው ነበር፤ ይቅርም ትለው ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

«አልተናደም» አላት።

«እና መምጣት እችል ነበር ማለት ነው።»

«ትችዪ ነበር።»

ትንፋሿ ሲቆራረጥ ይሰማዋል። «ብትዋሸኝ ምን ነበረበት፣ አባዬ?» አለችው።

ደህና ግቢ ብቻ አላት።

ያ ዳገት በዚያ ዓመት ጨርሶ አልተናደም። ፀደይ ሲገባ በረዶው ጠብ ጠብ እያለ ቀለጠና ሣር በቀለ። ዱሪ ሣሩን እየረገጠ በእግሩ ወደ መንደር ወረደ፤ ታች የሚጠብቀው ሰው ግን አልነበረም።