የፊተኛው ካቴና

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ብስክሌት መጠገኛችን ውስጥ የነበርነው አራት ነን፤ የሱቁ ባለቤት አክስቴ፣ እኔ፣ የማዕዘኑ ፀጉር አስተካካይና ዓይነ ስውሩ አማቱ። ሁለቱ የመጡት በሁለት ሰው ብስክሌታቸው ነው። ይህ ብስክሌት ሁለት ኮርቻ፣ ሁለት ጥንድ ፔዳልና ሁለት ካቴና አለው። የፊተኛው ካቴና ከፊት የተቀመጠውን ሰው ጉልበት ወደ ኋለኛው ፔዳል ያደርሳል። የኋለኛው ደግሞ የሁለቱንም ጉልበት ተቀብሎ ጎማውን ያዞራል። አክስቴ ጎማ ታቀናለች፣ ከደንበኛ ጋር ታወራለች። እኔ ማውራት ስለማይሆንልኝ ካቴና አጸዳለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ ከፊተኛው ኮርቻ ወርዶ በማበጠሪያው ጫፍ ጆሮውን ቆረቆረ፤ የወጣለትን አየና በሱሪው ጠረገው።

«እትዬ፣ ልጁ ብስክሌቱን ጥሩ አድርጎ ይጠብልኝ» አለ። «ስድስት ሰዓት ላይ ወንድሜ መጥቶ ለራሱ ይወስደዋል። እኔ በቃኝ። ጉልበቴ አለቀ።»

«ታዲያ አባባ ሥራ በምን ይሄዳሉ?» አለች አክስቴ።

«አይሄዱማ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን የሚያህል ሰው ጎተትሁ። በሬም ቢሆን ያርፋል።»

አማቱ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ከከተማው ዳር ባለው ብሩሽ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ብሩሽ ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አውቶቡስ እዚያ አይደርስም።

«እውነቱን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ዳገቱ ላይ ሲያለከልክ ስሰማው የማፍረው እኔ ነኝ። እኔም እገፋለሁ፤ ግን ፔዳሎቹ አብረው ነው የሚዞሩት፣ የማን እግር እንደሚያዞራቸው በምን ይታወቃል? ሰኞ ስልክ ደውዬ እሰናበታቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ እንግዲህ ጓዳ ውስጥ ሬዲዮ መስማት ነው።»

«ልጅዎስ አትነዳዎትም?»

«ፈልጋ ነበር እኮ፣ ግን…»

«እሷ?» ፀጉር አስተካካዩ ቀደማቸው። «የሷ እግር ክብሪት ነው። እኔን የጣለ ዳገት እሷን ሊምራት ነው?» አማቱን በርጩማ ላይ አስቀምጦ፣ ሰው ይጠብቀኛል ብሎ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደ።

ጓንቴን አጥልቄ ብስክሌቱን ገለበጥሁት። ሽታው ቀድሞ አገኘኝ። የሞተር ዘይት ሽታ ለምጄዋለሁ፣ አይከፋኝም። ይህ ግን ዓሣ ተጠብሶበት፣ ደግሞ ተጠብሶበት፣ ሊደፋ ሲል ሰው የለመነው ዘይት ነው። ካቴናው እሱን ጠጥቶ ሙጫ ሆኗል። ሙጫው ላይ ደግሞ ፀጉር አለ። ብስክሌቱ የሚያድረው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ስለሆነ ከመጥረጊያ ያመለጠው ሁሉ እዚህ ገብቷል፤ ጥቁሩ፣ ሽበቱ፣ ቀለም የተቀባው፣ የሕፃን ልጅ ለስላሳ ፀጉር ሳይቀር። የማን ራስ ላይ እንደነበረ የማይታወቅ ፀጉር የማርሹ ጥርሶች መሐል ተጠምጥሟል። በመቆንጠጫ ይዤ ስስበው እንደ አይጥ ጅራት ረዝሞ ወጣ። ጫፉ ላይ አንድ በረሮ ክንፉን ዘርግቶ ተጣብቋል።

 ውጭ ወጥቼ ትንሽ አየር ወሰድሁና ገባሁ።

«ምን አገኘህ የኔ ልጅ?» አሉ ሽማግሌው።

«ፀጉር።»

«ዘይቱስ ምንድን ነው?» አለች አክስቴ አፍንጫዋን ይዛ።

«የመቀስ ዘይት ነው ይለኛል» አሉ።

«መቀሱ ዓሣ ይከረክማል እንዴ?»

ሽማግሌው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ሁለቱን ካቴናዎች ፈትቼ ሳወጣ የቁስል ፕላስተር አግኝቼ ነበር። መሐሉ ቢጫ ነው። ጠዋት የፀጉር አስተካካዩ አውራ ጣት ነጭ፣ ውኃ ውስጥ የዋለ ቆዳ መስሎ አይቼዋለሁ። ፕላስተሩን በመቆንጠጫ ይዤ ወደ ቆሻሻው ስሄድ እጄን ከሰውነቴ አርቄ ዘረጋሁ። በዚያው ጣት የሰው አንገት እንደሚይዝ ሳስብ የራሴን አንገት በላኝ።

ካቴናዎቹን ሳፋ ውስጥ ነጭ ጋዝ አፍስሼ ነከርኋቸው። ጋዙ ወዲያው ጠቆረ፤ ላዩ ላይ ስብ ተንሳፈፈ፣ በስቡ ላይ ፀጉር። በብሩሽ መፈግፈግ ጀመርሁ።

«ያ ብሩሽ የኔ ነው» አሉ ሽማግሌው ከበርጩማቸው ላይ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«በድምፁ አወቅሁት። እኔ አጠጋግቼ ነው የማስረው፣ ሌሎቹ ያሳሱታል። ከያዝኸው ስንት ጊዜህ ነው?»

«አራት ዓመት።»

«አየህ፣ አልተነቀለም» አሉ ደስ ብሏቸው።

እንዲህ ያለ ብሩሽ እዚያ ውስጥ መንከሬ አሳፈረኝ። ጋዙን ሦስት ጊዜ ቀየርሁ፤ በመጨረሻም በፈላ ውኃና በሳሙና አጠብሁ። ብረቱ ታየ።

በእኛ ቤት ልማድ የታጠበ ካቴና ሳይለካ አይቀባም። ካቴና ሲሠራ መገጣጠሚያዎቹ ይበላሉና እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ የሁለቱንም አንድ አንድ ጫፍ በእኩል ቁመት ከተመቱ ምስማሮች ላይ ሰቀልሁ፤ ከያንዳንዱ መቶ መቶ የካቴና ዐይን ቆጥሬ መቶኛው ላይ ክር አሰርሁ። የኋለኛው ክር ከፊተኛው ከአንድ ጣት በላይ ዝቅ ብሎ ዋለ። እንደገና ቆጠርሁ። መቶ ነው። ከመደርደሪያው አዲስ ካቴና አውጥቼ አጠገባቸው ሰቅዬ መቶ ቆጠርሁ፤ የፊተኛው ከአዲሱ ጋር እኩል ነው። ሁለቱን ካቴናዎች ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ካርቶን አውጥቼ በአንድ ቀን የገጠምኋቸው እኔው ነኝ። የኋለኛው ቶሎ ማለቁ ደንብ ነው። የፊተኛው ግን ምንም አለማለቁ ደንብ አይደለም። የፋብሪካው ማኅተም እንኳ አልደበዘዘም።

ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ዓመት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሰውየው እግሩን ፔዳል ላይ አስቀምጦ ዞሯል እንጂ አልገፋም ማለት ነው። ዳገቱ ላይ ሲያለከልክ ደግሞ እኚህ ሰው ከኋላው እየገፉት፣ እያላባቸው፣ እያፈሩ። በረሮውን ሳየው እንዲህ አልቀፈፈኝም።

«ምን አየህ?» አለች አክስቴ።

አፌን ከፈትሁ። እንደ ወትሮዬ ምንም አልወጣም።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ነው ያሳደጉህ መሰለኝ» ብላ ወደ ጎማዋ ተመለሰች።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ፀጉር አስተካካዩ የዶሮ እግር እየጋጠ ገባ። አጥንቱን ሳፋዬ ውስጥ ጣለ፤ የወዛ እጁን በሽማግሌው ትከሻ ላይ አሳርፎ «እንሂድ አባባ» አለ። እጁን ሲያነሳ ኮታቸው ላይ አምስት የቅባት ጣት ቀረ።

እሱን ሳይ መናገሩ ቀርቶ እጄ ቀደመ። ጓንቴን አውልቄ የሽማግሌውን ክንድ ያዝሁና ወደ ምስማሮቹ ወሰድኋቸው።

«ይዳስሱ» አልሁ። «ክሩ ጋ እስኪደርሱ።»

«እጅዎ ይቆሽሻል» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ታጥቧል እኮ» አሉ። ብሩሽ የሚያስሩ ጣቶቻቸው በኋለኛው ካቴና ላይ ወርደው ክሩን አገኙ። በሌላ እጃቸው በፊተኛው ወረዱ። ሁለቱን ክሮች ያዙና ጣታቸውን መሐላቸው አስገቡ።

«ቁጥሩ እኩል ነው?»

«መቶ መቶ።»

«ይህ ያጠረው የትኛው ነው?»

«የፊተኛው» አልሁ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። «እሱ የሚያልቀው ከፊት ያለው ሰው ሲገፋ ነው። አላለቀም። እንደ አዲስ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቅ ሞከረ። «ይሄ ደግሞ ካቴና አናግሮ መጣ። መሪ መያዝስ ሥራ አይደለም?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «ዳገቱ ላይ የምታለከልከውስ?»

ፀጉር አስተካካዩ ጥርሱ መሐል የቀረውን ሥጋ በምላሱ ሲመጥጥ ሁላችንም ሰማን።

«በአፉ ነው ሲገፋ የከረመው» አለች አክስቴ ቀና ሳትል።

ሽማግሌው ክሮቹን ለቀቁ።  ከዚያ ጣታቸውን በመሐረብ አንድ በአንድ ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«የምገፋው እኔ ብቻ ከሆንሁ፣ ከፊት የሚቀመጠው ሰው ምን ያስፈልገዋል?»

«ዐይን» አልሁ። «መሪ የሚይዝ እጅም።»

«ልጄ ሁለቱም አላት። ለክብሪት እግር ኮርቻው ዝቅ ይላል?»

«ይላል።»

«ወንድሜ እየመጣ ነው እኮ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ይምጣ» አሉ። «ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ብስክሌቱን የገዛሁት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ፀጉር ቤት አያድርም።»

ወንድምየው መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። እኔ የኋለኛውን ካቴና በአዲስ ቀየርሁ፣ የፊተኛውን እሱኑ መልሼ ገጠምሁ፣ ሁለቱንም ንጹሕ ዘይት ቀባሁ፣ የፊተኛውን ኮርቻ አራት ጣት ዝቅ አደረግሁ። እጄን ሰባት ጊዜ ታጠብሁ፤ የዓሣው ሽታ አለቀቀኝም፣ ምሳዬን አልበላሁም።

ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ልጃቸው ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው በሱቃችን በር አልፈው ወደ ብሩሽ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። እኔም የቅዳሜውን ሳፋ ከነአጥንቱ ወደ ጓሮ ወስጄ ደፋሁት።