የአንድ ዓሣ ቤት

«እሱን ተወው ወንድሜ፤ እሱ ጎረቤት አያስቀምጥም» አለች የጌጥ ዓሣ ሻጯ፣ እስከ ክርኗ የረጠበ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

ሶፋ ሠሪው ጣቱን ከመስታወቱ ላይ አነሳ። ከወዲያ በኩል መዳፍ የሚያህል ግንባረ ሰፊ ዓሣ፣ መቀመጫውን እንደተቀማ ሰው ያፈጥበታል።

«ሲክሊድ የሚሉት ዓሣ አይደል እንዴ? ባለቤቴ ሲክሊድ ነው ያለችኝ።»

«ሲክሊድማ ነው። ግን ሲክሊድ ዘመደ ብዙ ነው፤ ግማሹ ዱርዬ፣ ግማሹ ጨዋ። ቤት ያሉት ምን ምን ናቸው?»

«ትንንሽ ናቸው። ባለ ሰማያዊ መስመር፣ ተሰብስበው የሚዞሩ።»

«አለቀላቸው! ይኼ ቁርሱ ነው የሚያደርጋቸው። ና፣ ጨዋዎቹን ላሳይህ።»

ጥግ ወዳለው ገንዳ ወሰደችው። አውራ ጣት የሚያህሉ፣ አመድማ ቢጫ ገላ ያላቸው ዓሦች አሸዋው ላይ ዝቅ ብለው ትንሽ ሄድ፣ ቆም፣ ደግሞ ሄድ ይላሉ። የክንፋቸው ጫፍ ቀላ ብሏል። አንዱ አሸዋ በአፉ ሞልቶ ያላምጥና በጉንጩ በኩል ያራግፈዋል። ሶፋ ሠሪው ሳያስበው ፈገግ አለ።

ሚስቱ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ከእሱ የጠየቀችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጫማውን ሲያስር በሩ ላይ ቆማ፣ «ሁለት ሲክሊድ አምጣልኝ፤ ትንንሾቹን፣ ሰላማዊዎቹን» አለችው። የዓሣ ገንዳውን ያመጣላት ወንድሟ ነው፤ ዓይንሽ የሚያርፍበት ነገር ይኑር ብሎ። ያስቀመጡት በትንሿ ክፍል ውስጥ፣ የሕፃኑ አልጋ ቆሞበት በነበረው ቦታ ነው።

«ጥንድ ላውጣልህ» አለች ሻጯ፣ መረቧን እያነሳች። «ሲወልዱ ብታያቸው ሰው ነው የሚመስሉህ። እናትና አባት እየተፈራረቁ ዕንቁላሉን ይጠብቃሉ። ልጆቹ ሲፈለፈሉ ደግሞ በአፋቸው ለቅመው ጉድጓድ ውስጥ ያስተኟቸዋል። ብዙ ሰው የሚወስዳቸው ለዚያ ሲል ነው።»

የሶፋ ሠሪው ፈገግታ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

«የማይወልድ የለሽም?»

«እንዴ!» ሻጯ ሳቀች። «ሰው ሁሉ የሚወልድ ስጪኝ ይለኛል፤ አንተ መካን ታማርጣለህ?» ፊቱን ስታየው ሳቋ ጠፋ።

«እሺ፣ ሁለት ወንዶች ስጪኝ።»

«በዚህ ዕድሜያቸው ወንዱን ከሴቷ የሚለይ ሰው ካገኘህ ከእኔም ጋር አስተዋውቀኝ።»

«እንግዲያው አንድ።»

«ባለቤትህ አንድ ነው ያለችህ?»

«አዎ፣ አንድ» አለ፣ ወደ ገንዳው እያየ።

ሻጯ ዓሣውን ውሃ ባለው ፌስታል ውስጥ ከትታ አየር ሞላችለት። ከዚያ አፉ የተሸረፈ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በጋዜጣ ጠቅልላ እጁ ላይ አኖረችለት። «ይኼ ከእኔ ነው። የሚወልዱት እንዲህ ያለ ውስጥ ነው፤ ብቻውን ለሚኖርም ግን መጠጊያ ይሆነዋል።»

ወደ ቤት ሲሄድ እግሩ ወደ ወርክሾፑ መራው። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ጀርባ፣ በላስቲክ የተሸፈነች ትንሽ ፍራሽ አለች። ጠርዟን እየሰፋ ሳለ ነበር ከሆስፒታል የተደወለለት። ልጃቸው ሞቶ ተወለደ። ሚስቱ ገና ተኝታ ሳለ ክፍሉን ባዶ አደረገው፤ አልጋውን፣ ልብሱን፣ መጋረጃውን ሳይቀር ለሰው ሰጠ። ለእሷ ሊያደርግላት የሚችለው ደግ ነገር ይኸው ብቻ መስሎት ነበር። ፍራሿ ላይ ሲደርስ ግን እጁ እምቢ አለው። ለሚስቱ «ሁሉንም ሰጥቻለሁ» አላት። ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት፣ ሰው በሌለበት፣ ያወርዳትና ጥጓን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋታል፤ ስፖንጁ ተመልሶ እስኪነሳ አይቶ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። ዛሬ አንድ እጁ ፌስታሉን ይዟል። በሌላው ላስቲኩን ነካ አድርጎ ወጣ።

ሚስቱን ገንዳው ፊት መሬት ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«አንድ ብቻ?»

«የቀረው አንድ ነው።»

ዓሣው ውሃውን እንዲለምድ ፌስታሉን ገንዳው ላይ አንሳፈፈው። እሷ ጋዜጣውን ፈታች። ማሰሮውን ስታይ እጇ ቆመ።

«ሻጯ እንደሚወልዱ ነግራሃለች አይደል?»

ፌስታሉን በጣቱ ገፋ አደረገ።

«እኔ እኮ አውቄ ነው ሁለት ያልኩህ።» ድምፅዋን አላነሳችም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«ሆዴ፣ እንዳይከፋሽ ብዬ…»

«ስመጣ ይኼ ክፍል ተጠርጎ ጠበቀኝ። ሽታ እንኳ አልተውክልኝም፤ እንዳይከፋኝ። እዚህ እየመጣሁ የምቀመጠው ዓሣ ለማየት መሰለህ?»

ፌስታሉን ከፍታ ዓሣውን ለቀቀችው። ማሰሮውንም አስገብታ አሸዋው ላይ አጋደመችው። ዓሣው መጀመሪያ ጥግ ይዞ ተደበቀ። ቆይቶ ሄድ፣ ቆም፣ ደግሞ ሄድ እያለ መጣና ማሰሮው ውስጥ ገባ። ሲወጣ አፉ በአሸዋ ተሞልቷል። በሩ ላይ ተፋና ተመልሶ ገባ። ውስጡን እየጠረገ ነበር።

«ለማን ነው የሚያዘጋጀው?» አለች።

ሶፋ ሠሪው ቆሞ ነበር፤ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ፍራሿን ለሰው አልሰጠኋትም።»

ፊቷን አላዞረችም። «የቷን?»

«ትንሿን። ወርክሾፕ ናት። ላይኛው መደርደሪያ ላይ።»

ጀርባዋን እያየ ጠበቀ። ትነሳለች፣ ትወጣለች፣ አንድ ነገር ትወረውራለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን እጇን መስታወቱ ላይ እንዳሳረፈች ቀረች።

«ጨርሰሃት ነበር?»

«አንድ ጠርዝ ይቀራታል።»

«ጨርቋ ምን ዓይነት ነበር? አላሳየኸኝም እኮ። ስታልቅ ታያለሽ ብለህ።»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጉልበታቸው ተነካካ።

«ክሬም ናት» አለ። «ዳር ዳሯን ደግሞ…»

ቃል ሲያጥረው እጁን አነሳ፤ በባዶ አየር ላይ ጠርዟን ቀስ እያለ ይሰፋላት ጀመር። እሷም ዓይኗን ከዓሣው ላይ ነቅላ የእጁን አካሄድ ተከተለች።