የቅሬው ቃሬዛ

ብርቅዬ ዘውገን የምትጠላው በቀን አንዴ እያስታወሰች አልነበረም። ጥላቻው እንደ ጥርስ ሕመም ነበር፤ ተኝታም ተነስታም አብሯት ይውላል። በአፏ «አያ ዘውገ፣ እንደምን አደሩ» ትለዋለች፤ በሆዷ ግን «ያቆይህ፤ አንድ ቀን እጄ ትገባለህ» ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ጥሩሰው የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ የሁለተኛው ቀን ፀሐይ ወጣባት። ብርቅዬ ወደ ቅሬው ዳኛ፣ ወደ ዘውገ ቤት ሮጣ ቃሬዛውንና ሸካሚ ወንዶችን ለመነች። ጋሸና ቢያደርሱላት ሆስፒታል ወዳለበት ወልድያ የሚወርድ ጭነት መኪና አይጠፋም። ዘውገ ከመደቡ እንኳ አልተነሳም።

«ቅሬ የተቋቋመው ሙት ለመቅበር ነው» አላት። «ነፍስ ያለው ሰው በሬሳ ቃሬዛ ጭነን በአገሩ ላይ ሟርት አንጠራም። እኔ ዳኛ ሆኜ አይደረግም።»

በማግስቱ ጥሩሰው ከነፅንሷ ሞተች። የለቅሶው ጥሩምባ ድምፅ ሳይጠፋ ቃሬዛው ደጇ ደረሰ። ለምና ያጣቻቸው ወንዶች ሳትለምናቸው መጡ፤ ትከሻ እየተቀባበሉም ቤተ ክርስቲያን አደረሱላት። ዘውገ ከፊት ከፊት እየሄደ «ቀስ፣ ቀስ በሉ» ይል ነበር። ከሁሉም በላይ አንጀቷን ያሳረራት ይህ «ቀስ በሉ» ነው።

ወንድሟ ፈንታው አብዮት ጥበቃ ነበር። ጠመንጃውን አንግቶ መጣና «አድኃሪ ነው ብዬ ላስገባዋ! አንድ ቃል ይበቃዋል» አላት። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከዚህ ባነሰ ነገር ገብቶ የቀረ ሰው አለ።

«ታስሮ ሰው ሊያዝንለት? አልፈልግም» አለችው። «እኔ የምፈልገው እዚያ ቃሬዛ ላይ ነው።»

በዓመቱ ገበሬ ማኅበሩ ለአዋላጅነት ሥልጠና የሚሄድ ሰው ሲጠይቅ ቀድማ እጇን ያወጣችው እሷ ነች። ላሊበላ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሲስተር ሙሉሃብት የምትባል ነርስ በጨርቅ አሻንጉሊትና በተቀደደ ካርቶን ምጥ ታስተምር ነበር። እጅ መታጠብ፣ ምላጭ መቀቀል፣ ከዚያም ቤት መቆየት የሌለበትን በሽተኛ መለየት። ምጥ ሲዘገይ ላኩ፤ ደም ሲበዛ ላኩ፤ ወደ ብሽሽት የወረደ ቡአ አልመለስ ብሎ ሲጠጥርና ሲያስመልስ ላኩ። በመጨረሻ ብርቅዬ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ላኩ፣ ላኩ ትይናለሽ፤ በማን ትከሻ?»

ሲስተር ሙሉሃብት እጇ ላይ ያለውን አሻንጉሊት አስቀመጠች። የተማረችው አምቡላንስ ደጅ ቆሞ በሚጠብቅበት ከተማ ነው። «እናንተ አገር የሚሸከም ሰው የለም?»

«ሬሳ የሚሸከም ነው ያለው።»

«ታዲያ እነሱኑ እናሠልጥናቸዋ፣ እትዬ ብርቅዬ!» አለች ነርሷ። የዚያኑ ቀን ገመድና አጠና አምጥታ ሕያው ሰው ቃሬዛ ላይ እንዴት እንደሚታሰር አሳየቻት፤ ራሱ ከፍ ብሎ፣ ከጉልበቱ በታች ጋቢ ተጠቅልሎ። ብርቅዬ ቋጠሮውን ደጋግማ ተለማመደች። በእያንዳንዱ ቋጠሮ ግን የምታየው ዘውገን ነበር።

ተመልሳ ቃሬዛው በሽተኛም ይጫንበት ብላ ለቅሬው ስብሰባ ስትናገር ዘውገ ሳቀባት።

በግንቦት ወር አንድ ቀን ጠዋት የዘውገ ሚስት ወለተ ማርያም እየጮኸች መጣች። ዘውገ የግንብ ድንጋይ ሲያነሳ ቡአው ወርዶ አልመለስ ብሎታል። ብርቅዬ ሄዳ ዳሰሰችው፤ ጠጥሯል፤ ሰውዬው አረንጓዴ ያስመልሳል። ሲስተር ያስተማረቻት ራሱ ነው። «በሙቅ ውኃ ያዙት፤ ነገ ይመለሳል» ብትል ማን ይጠይቃታል? ቃሉ ምላሷ ላይ መጣ። ጣፈጣት። ግን እንዲህ ከሞተ ቀለለው ማለት ነው፤ ተለቅሶለት፣ በክብር በዚያው ቃሬዛ ይሄዳል። ዋጠችው።

«ጥሩምባ ይነፋ» አለች።

አገሩ ጋቢውን ለለቅሶ አጣፍቶ መጣ። ዘውገ ግን ዓይኑን አፍጥጦ ያቃስታል። ብርቅዬ ቃሬዛውን አስመጥታ ከፊቱ አስቀመጠችው።

«አንጀታቸው ታንቋል። ወልድያ ደርሰው ኦፕራሲዮን ከሆኑ ይድናሉ፤ እዚህ ከቀሩ ነገ እንቀብራቸዋለን። ግን ይህ ቃሬዛ የሬሳ ነው፤ ያሉትም ዳኛው ናቸው። አያ ዘውገ፣ ነፍስ ያለው ሰው ይጫናል?»

ወለተ ማርያም እግሯ ላይ ወደቀች። ብርቅዬ ዝቅ ብላ አላየቻትም።

«ይጫናል» አለ ዘውገ።

«ለእርስዎ ብቻ?»

«ለሁሉም።»

«ለምጥስ?»

«ለምጥም።»

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«ለምጥም ይጫናል!» ብሎ ጮኸ፤ ጮኾም አለቀሰ።

በራሷ እጅ አሰረችው፤ ራሱ ከፍ ብሎ፣ ጋቢው ከጉልበቱ በታች። ከፊት ከፊት እየሄደች «ቀስ፣ ቀስ በሉ» አለች። ሸካሚዎቹ ትከሻ የሚቀያየሩት ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

«ጥሩሰው እዚህ ናት። ስሟን ጥራ።»

ከልጅነቷ ጀምሮ አንተ ብላው አታውቅም። ዘውገ «ጥሩሰው» አለ።

«አንሱት» አለች።

ዘውገ ድኖ ተመለሰ። ሐኪሞቹ ሸክም ስለከለከሉት ብርቅዬ ጥሩምባውን ሰጠችው። ምጥ በጠና ቁጥር እሱ ይነፋል፤ እሱ ጋሸና ድረስ ከፊት ይሄዳል። ይህን የሰማች ሲስተር ሙሉሃብት ልትጎበኛቸው መጥታ «አያ ዘውገን ይቅር አሏቸዋ?» ስትላት ብርቅዬ ሳቀች።

«ይቅር? ቢሞት ያርፍ አልነበር?»

በዚያው ቀን ወልድያ የወለደች ሴት በቃሬዛው ወደ መንደሩ እየተመለሰች ነበር፤ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ታቅፋ። ሴቶቹ እልል ይላሉ። ዘውገ ጥሩምባውን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ከፊት ይሄዳል። ብርቅዬ ከኋላ ሆና አገሩ እስኪሰማ ተጣራች።

«አያ ዘውገ፣ ዞር ብለው ይዩዋት እንጂ! የኔዋም እንዲህ ትመጣ ነበር።»

ዘውገ ቆመ፤ ዞሮም አያት። ብርቅዬ ዓይኑን እስኪሰብር ድረስ ጠበቀችው።