የአብዱልቃዲር ጆንያዎች

«ከሥሬ የተጻፈውን እስቲ አንብቡልኝ» አሉ አደ ረዲያ፣ በጭድ የተሞላው ጆንያ ላይ እንደተቀመጡ ወደ ጎን ዘንበል ብለው። «የአላህ ስም ካለበት ልነሳ።»

ሀሚዳ ከፍራሿ ላይ አንገቷን አስግጋ አየች። ጽሑፉ በቀይ ቀለም የተጻፈ የባሏ ቡጭርጭር ነው።

«‹ቢቂላ፣ ጥር አሥራ ሁለት፣ ሁለቴ› ነው የሚለው» አለች። «ይቀመጡ። ቢቂላ በሞተር መጥቶ የገባበት ጆንያ ነው።»

«በአንድ ቀን ሁለቴ?»

«አንዴ በጠዋት፣ አንዴ ከሰዓት በኋላ።»

ለተዕዚያ የመጡት ሴቶች ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። በለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ስለሆነ የሚስቀው ትከሻቸው ብቻ ነበር። አደ ረዲያ ግን የሟቹ ታላቅ እህት ናቸውና ማንንም ሳይፈሩ ሳቁ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ወንድማቸው ትዝ አላቸውና አለቀሱ፤ ከዚያም አንድ ተምር አነሱ።

የሀሚዳ ባል አብዱልቃዲር ሐሙስ ዕለት ሞቶ የዚያኑ ቀን ተቀበረ። የዕድሩ ዳኛ ሐጂ ዓሊዩ ድንኳኑን በሰዓቱ አስተከሉ፤ አግዳሚዎቹ ግን ለሠርግ ቦርደዴ ሄደው አልተመለሱም ነበር። ሐጂ የሚገቡበት ጠፋቸው። የጭሮ ሞተረኞች ይህን ሲሰሙ ስልሳ ጆንያ በአይሱዙ ጭነው ከች አሉ። ሞተረኞቹ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ሲወዳደሩ አብዱልቃዲር እነዚህን ጆንያዎች ኩርባው ላይ ይደረድር ነበር፤ የሚወድቀውን እንዲቀበሉ። ጆንያ ሰው ባዳነ ቁጥር የዳነውን ሰው ስም ይጽፍበታል። እንግዲህ ለቀስተኛው ሁሉ የሚያለቅሰው የአንድ ሰው ውድቀት ላይ ተቀምጦ ነው።

ጭድ ደግሞ ሽማግሌ አይችልም። ሐጂ ዓሊዩ በተቀመጡ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጉልበታቸው ከጢማቸው እኩል ይሆናል። አዛን በተባለ ቁጥር ሽማግሌዎቹን ከጆንያ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ሁለት ወጣቶች ተመደቡለት።

ሀሚዳን ያደከማት ግን ጥያቄው ነው። የመጣው ሁሉ አቅፎ ካስለቀሳት በኋላ በጆሮዋ «የትኛው ኩርባ ላይ ነው ሞተር የጣለው?» ይላታል። ከተማው ይህን ሞት ሃያ ዓመት ሲጠብቅ ኖሯል።

«ወንበር ላይ» ትላለች ሀሚዳ። «ምሳውን በልቶ በሚሠራበት ጋራዥ በር ላይ እንደተቀመጠ፣ እንዳሸለበ ቀረ። የደም ግፊት ነው ብለዋል ሐኪሞቹ።»

ሰዉ ይከፋል። ጫት ነጋዴዋ ጣሂራ ከሂርና በሚኒባስ ስትመጣ መንገዱን ሁሉ ሞተር እየረገመች አልቅሳ ኖሮ፣ ነገሩን ስትሰማ እንባዋን ይዛ ቆመች። ትንሽ አሰበችና «ወንበሩ ጎማ ነበረው?» አለች።

ሀሚዳ አልሳቀችም። ተናዳለች። ሃያ ዓመት ሞተር ስትፈራ ኖራ ባሏን ወንበር ወሰደባት። ወንበርን ማን ይጠረጥራል? በውድድር ቀን ዱዓ ስታደርግ እየዋለች፣ በተራ ሐሙስ ግን ቲማቲም ስትመርጥ ነበር። ያቺን ቲማቲም እስካሁን ይቅር አላለቻትም።

ፍርሃቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት አብዱልቃዲር ራሱ ሲወዳደር ሦስተኛውን ኩርባ ስቶ ቁልቋል ውስጥ ገብቷል። ሀሚዳ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሆዱ እያስተኛች እሾህ በወረንጦ ስትለቅም ከረመች። እሾሁ የት የት እንደነበረ ለማንም አልተናገረችም፤ ለለቅሶ ቤት የሚሆንም ጨዋታ አይደለም። የመጨረሻዋን እሾህ ባወጣችለት ማታ «ከእንግዲህ አልጋልብም» አላት። እሷም አልሐምዱሊላህ አለች። በማግስቱ መርፌዋን ተውሶ ጆንያ መስፋት ጀመረ። ለካስ የተወው መጋለቡን እንጂ ሜዳውን አልነበረም። ሀሚዳም ያንን ሜዳ ረግጬ አላይም ብላ ማለች፤ መሐላዋንም አላፈረሰችም።

አሁን ደግሞ ቅዳሜ ነው፣ የለቅሶው ሦስተኛ ቀን። ነገ እሑድ ከሂርና ሞተረኞች ጋር ውድድር አለ፤ አንድያ ልጇ አብራርም ስሙ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው። ይህን የነገራት ሰው የለም። ሞተረኞቹ ለማጽናናት ሲገቡ ሰው ከመጨበጣቸው በፊት ጆንያ ሲቆጥሩ አይታ ነው የገባት። ደግሞም ሽማግሌ የተቀመጠበትን ጆንያ «ይነሱልኝ» የሚል ደፋር ጭሮ ውስጥ እንደሌለ ታውቃለች። ጆንያ ከሌለ ውድድር የለም። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ እንግዳ እንዳይነሳ ተግታ ሠራች። አንድ ሰው «እንግዲህ አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ብሎ ጉልበቱን ሲያበረታ በወተት የፈላ ሆጃ ይደርሰዋል። ሐጂ ዓሊዩ ስድስተኛውን ስኒ ጠጥተው ፊታቸው ተለዋውጧል፤ ውጭ መውጣት አለባቸው፤ ከጆንያው ግን መውጣት አልቻሉም።

ከዙህር ሶላት በኋላ አብራር ገብቶ ከእግሯ ሥር ተቀመጠ።

«ውድድሩ ቀረ አይደል?» አለችው፣ ነገሩ ያላሳሰባት መስላ።

«አልቀረም እማ።»

«ጆንያው እዚህ አይደል እንዴ?»

«ሰው ለቅሶ የተቀመጠበትን ከሥሩ መንጠቅ ነውር ነው አለ ቢቂላ። የሂርና ልጆች ደግሞ ብንቀር ፈሩ ይላሉ። ያለ ጆንያ እንወዳደራለን።»

«ቁልቋሉስ?»

አብራር ጥፍሩን አየ። «በዝግታ እንነዳለን።»

በዝግታ የሚባል ነገር በዚህ ቤት ታይቶ አይታወቅም፤ አባትየው ሲበላ እንኳ የሚያሳድደው ያለ ይመስል ነበር። ልጇን ልታድንበት ጨክና የያዘችው ጆንያ ሊገድልባት ነው። ከሁሉ ያናደዳት ደግሞ ይሉኝታቸው ነው፤ ጆንያ መጠየቅ አፍረው መሞት አለማፈራቸው።

«ቢቂላን ጥራልኝ» አለች።

ቢቂላ የሞተረኞቹ አለቃ ነው። መካኒክ ነው፣ አንድ እግሩን ትንሽ ያነክሳል። መጋረጃው ጋ ደርሶ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሀሚዳ ዒዳ ላይ ናትና አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጣም፤ እሱም ከደጃፉ አላለፈም።

«ጆንያዎቹን አሁን ውሰዱ» አለችው።

«ሰዉስ ምን ላይ ይቀመጣል፣ አደ ሀሚዳ?»

«መሬት ላይ። መሬት የተቀመጠ የትም አይወድቅም።»

ቢቂላ አልሄደም። «ብንወስዳቸውም አደራደሩን አናውቅም። ኦቦ አብዱልቃዲር ሲደረድሩ እኛን አያስጠጉም ነበር። አንድ ጊዜ እሳቸውን አሟቸው ራሳችን ደርድረን …»

«ጥር አሥራ ሁለት» አሉ አደ ረዲያ ከጆንያው ላይ።

«አዎ» አለ ቢቂላ። «ሁለቴ።»

አብዱልቃዲር ለምን እንደማያስጠጋቸው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በውድድር ዋዜማ ከራት በኋላ ምንጣፉ ላይ ድንች ይደረድርላት ነበር። «ይሄ ድንች በሙሉ ፍጥነት መጣ እንበል። የት ይወድቃል?» ይላታል። እሷ መጀመሪያ ትቆጣለች፤ ከዚያ ድንቹን ታየዋለች። ሜዳውን አታውቀውም፤ ስለ መውደቅ ግን ከእሷ አብልጦ ያሰበ በምዕራብ ሐረርጌ አልነበረም። ሰው የሚወድቀው ኩርባው ሲጀምር ሳይሆን ሊያልቅ ሲል ነው ያለችው እሷ ናት። ሁለት ረድፍ ይሁን፣ መሃላቸው አንድ እርምጃ ክፍት ይተው ያለችውም እሷ ናት። «እኔ አለሁበት ብለህ ለሰው ብትተነፍስ አላናግርህም» ስላለችው ሃያ ዓመት አፉን ዘግቶ ኖረ። ስልሳው ጆንያ የሚቆመው እሷ በነገረችው ቦታ ነበር።

«ተምሩን ወዲህ በሉት» አለች።

ሳህኑን ምንጣፉ ላይ ደፋችው። ሴቶቹ ተጠጉ፤ ቢቂላ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለ፤ አብራር እናቱን ዛሬ ያወቃት ይመስል አፉን ከፈተ።

«ይሄ ስኒ መነሻው ነው። እዚህ ኩርባ ላይ ስምንት፣ ከመውጫው በኩል። ጭዱን ሳታራግፉ እንዳታስቀምጡ፤ ሐጂ ዓሊዩ ሦስት ቀን የተቀመጡበት ጆንያ ከድንጋይ አይሻልም። ሁለተኛው ኩርባ …» ቀና አለች። «አደ ረዲያ፣ ሁለተኛውን ኩርባ በሉት።»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ? አልተጻፈበት።» አደ ረዲያ ፍሬዎቹን ከአፋቸው አውጥተው በየቦታቸው መለሱ።

«ቶሌ፣ ቶሌ» ይላል ቢቂላ በእሺታ፣ በጣቱ መዳፉ ላይ እየሳለ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሀሚዳ ሁለቱን ረድፍ ስትጨርስ ጣቱን ከተምሮቹ ፊት ለፊት፣ ከባዶው ምንጣፍ ላይ አሳረፈ። «ኦቦ አብዱልቃዲር ባንዲራ ይዘው የሚቆሙት እዚህ ነበር።»

«ከጆንያው ኋላ ነው የሚቆመው» አለች ሀሚዳ።

«ከፊት ነው፣ አደ። ከኋላ ከሆንኩ ልጆቹ ባንዲራውን አያዩትም ይሉ ነበር።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ከኋላ ነው የምቆመው ሲለኝ …» አልጨረሰችውም። ከሐሙስ ጀምሮ ለእንግዳ አልቅሳ ነበር፤ አሁን ለራሷ አለቀሰች። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ነገ የሚቆመው ማነው?»

«እኔ» አለ ቢቂላ።

«አንተ ከኋላ ትቆማለህ። ባንዲራው ካልታየ ረጅም እንጨት ላይ እሰረው።»

«ቶሌ።»

ውጭ ጆንያ መጫን ተጀመረ። ሐጂ ዓሊዩ ነፃ ወጥተው ወደ ጓሮ ሲጣደፉ ተሰሙ። ሀሚዳ ከተረፉት ተምሮች አንዱን አንስታ ቢቂላ ያሳየበት ቦታ ላይ አስቀመጠች፤ ከሁሉም ፊት፣ ብቻውን። ትንሽ አየችው። ከዚያ በአንድ ጣቷ ቀስ አድርጋ ወደ ኋላ ሳበችው፤ ሁለቱን ረድፍ አሳልፋ ከጆንያዎቹ ጀርባ አደረሰችው። የአደ ረዲያ እጅ ሲመጣ በመዳፏ ከደነችው።