የታንከሩ ቀይ ጨርቅ

ስድስቱ ጎረቤታሞች የሚጋሩት ታንከር ሰኞ ይሞላል፤ ሐሙስ ሳይደርስ ግን ጠብ የሚል ውሃ አይገኝበትም። ከስድስቱ አንዱ የሆነው የቧንቧ ሠራተኛ ቱቦውን ዳሰሰ፣ መጋጠሚያውን አንድ በአንድ ፈተሸ። የሚያፈስ የለም።

«ቁልፍ ግጠምለት» አሉት ጎረቤቶቹ። «ቁልፉንም አንተው ያዘው።»

በጎረቤት መሀል ቁልፍ ማስገባት ከበደው። ደግሞ ከጎኑ ያለችው አራስ የሕፃኗን ሽንት ጨርቅ የምታጥብበት አጥታ ዓይኗ እንባ ሲያቀር አይቷል። «እስከ ሰኞ ታገሡኝ» አላቸው፤ በልቡ ግን የለመነው ፈጣሪውን ነበር።

ሰኞ ጠዋት ውሃ መጣ ሲባል፣ ሚስቱ ከአልጋ ሥር ዘጠኝ ጀሪካን ጎትታ አወጣች። ከዚያ አፋቸውን እየከፈተች ቦዩ ውስጥ ትደፋቸው ጀመር።

«አንቺ ሴት! ምን እየሠራሽ ነው?»

«የሰነበተውን ደፍቼ አዲሱን ልቀዳ ነዋ።»

«የማትጠቀሚበትን ለምን ቀዳሽው?»

«ያልቅብኛላ!»

ቀና ብሎ ቢያይ በየደጁ ውሃ ይደፋል። ለካ ያልቃል ብለው እየፈሩ የሚጨርሱት ራሳቸው ነበሩ። ሳቁ አላስቆም ሲለው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ፍሳሽ ስደፍን፣ ዋናው ፍሳሽ አልጋዬ ሥር ተኝቶልኛል!»

«ሳቅ! ሂድና ለሰፈሩ ንገርብኝ።»

«እነግራለሁ። ከራሴ ቤት ነው የምጀምረው።»

እንዳለውም አደረገ። እሷ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ሳቀች፤ ሌሎቹም አንገታቸውን ደፉ። ያልተደፉትን አምስት ጀሪካኖች ሁለቱ ተጋግዘው አራሷ ደጅ አደረሱ።

በዚያው ቀን ታንከሩ ውስጥ ተንሳፋፊ አስገብቶ ገመድ አሰረበት፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ በውጭ በኩል አወረደና በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ድንጋይ አንጠለጠለበት። ውሃው ሲቀንስ ጨርቁ ሽቅብ ይወጣል። ግድግዳው ላይ ለየቀኑ መስመር አሰመረ። ጨርቁ የዕለቱን መስመር ከነካ እስከ ነገ መቅዳት የለም፤ ከአራሷ በቀር። በዚህ ተስማሙ።

ሐሙስ ዕለት ልብስ ሰፊው ጎረቤታቸው ጀሪካን ይዞ ወደ ታንከሩ ሲሄድ፣ ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ ጮኸች፦ «አንተ ልብስ ሰፊ! ጨርቅ መለካት እንጂ ማየት አይሆንልህም? መስመሩን ነካ እኮ!»

«እሺ እትዬ፣ ተመለስኩ!»

እሑድም ታንከሩ ውስጥ ውሃ ነበር። የአራሷ የልብስ ማስጫ ገመድ ከዳር እስከ ዳር ሽንት ጨርቅ ተሰጥቶበታል። ባልየው የተደበቀ ጀሪካን አለመኖሩን ለማረጋገጥ ጎንበስ ብሎ አልጋ ሥር ተመለከተ።

«ጫማዬ! ዓመት ሙሉ የፈለግሁት ጫማዬ!»

«እኔ ምን ላድርግ» አለች ሚስቱ፣ «ጀሪካኑ ጋርዶት ነዋ።»