በተሳሳተ ጎን የተጻፈው አራት ቁጥር

ዳኛውን ሚዛን ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ ሚስቱ ግን በሰማች ቁጥር ትስቃለች። አንዴ የቤቱን ቁልፍ ቢያጣው "በሩ ነው የተበላሸው" ብሎ አናጺ ጠራ። አናጺው በሩን ነቅሎ ሲጨርስ ቁልፉ ከገዛ ኮቱ ውስጥ ተገኘ። ያኔም "ኪሱ ጥልቅ ነው" አለ እንጂ ተሳሳትኩ አላለም። እንግዲህ ይሄ ሰው ነው ያን ቀን ከጨዋታው በኋላ፣ የዳኞች ክፍል ወንበር እሾህ የበቀለበት ይመስል አልቀመጥ ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳኛ ካርድ ሲያወጣ የተጫዋቹን ቁጥር በትንሽ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ሁለት ረድፍ አላት፣ ለያንዳንዱ ቡድን አንዳንድ። ሚዛን ታዲያ ረድፉን በሜዳው ጎን ነው የሚያስታውሰው። ከእረፍት በፊት ቀዮቹ በግራ በኩል ስለነበሩ ግራው የነሱ፣ ቀኙ የሰማያዊዎቹ። ከእረፍት መልስ ቡድኖቹ ጎን ተቀያየሩ፤ ወረቀቷ ግን የት ታውቃለች። ግርግር ተነሳና አስር ሰው ተያይዞ ሲጓተት፣ ለቀዮቹ አራት ቁጥር ቢጫ አወጣ። በዚያ ሁሉ ራስ መሃል ማን እንደተቀጣ ያየ የለም። እሱም እጁ እንደለመደው አራትን ቀዮቹ በቆሙበት በቀኝ ጻፋት። ቀኙ ደግሞ የሰማያዊዎቹ ረድፍ ነው። ትንሽ ቆይቶ የሰማያዊዎቹ አራት ቁጥር፣ ጉቶ የሚሉት አጭር ተከላካይ፣ የአንዱን ማሊያ ጎተተ። ቢጫ። ሚዛን ወረቀቷን ቢያይ በሰማያዊዎቹ ረድፍ አራት ተጽፋለች። ሁለተኛው ነዋ። ቀይ።

ጉቶ "ኧረ እኔ የመጀመሪያውን አላየሁም" ብሎ ቢምል ቢገዘት ማን ሰምቶት። ሰማያዊዎቹም በአስር ሰው ተሸነፉ።

ሚዛን ይሄን ያወቀው ቁጥሮቹን ከወረቀቷ ወደ ሪፖርቱ ሊገለብጥ ሲቀመጥ ነው፤ የቀዮቹ ረድፍ ባዶ ነበር። እስክሪብቶው ቀጥ አለ። 

"ምነው? ጊንጥ ነደፈህ?" አለው ሽማግሌው የመስመር ዳኛ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ።

ወረቀቷን ሰጠው። ሽማግሌው የማንበቢያ መነጽሩን አድርጎ አየ፣ ገለበጠ፣ መልሶ አየ።

"እንግዲህ ያየናት እኔና አንተ ነን። እኔ ደግሞ መነጽሬን አላደረግኩም።"

"አድርገዋል እኮ።"

"ይኸው አወለቅኩ።"

ይሄኔ ከጎን ካለው መልበሻ ክፍል የሰማያዊዎቹ አሰልጣኝ ድምፅ መጣ። ይሄን አሰልጣኝ ምላጭ ይሉታል፤ በምላሱ ነው።

"ሁለት ቢጫ በልተህ አልበላሁም ትለኛለህ? ባለፈው ታምሜያለሁ ብለህ ሰርግ ቤት ስትጨፍር አልተገኘህም? ውሸታም። ማሊያውን አውልቅና አስቀምጥ፣ አውቶብሱ ላይም እንዳላይህ። ከቡድኑ ወጥተሃል።"

"ጋሼ፣ የሰርጉን አምናለሁ። ካርዱን ግን አልበላሁም።"

"የሰጠህ ሚዛን ነው እኮ። ሰውዬውን አልወደውም፤ ቁጥር ግን አይሳሳትም።"

ሚዛን ስድብ ቢሆን ይችለው ነበር። ይቺን ምስጋና ግን አልቻላትም። ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ የአንድ ጫማውን ክር አሰረ፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ ምንም ሳያይ ተመለሰ።

"ለላይኛው ሊግ ስምህ ተልኳል" አለው ሽማግሌው። "ዛሬ ይሄን ጻፍክ ማለት ነገ ስምህ ተሰረዘ ማለት ነው። ዳኛ ሲሳሳት ዝናብ ነበር ነው የሚባለው።"

"ዝናብ አልነበረም።"

"ፀሐይ ነበረ በላ።"

ሚዛን ሪፖርቱን አንስቶ አንድ ጫማው እንደተፈታ ወጣ። ምላጭ አውቶብሱ በር ላይ ቆሞ ሰዎቹን ይቆጥራል።

"ጋሼ፣ ሜዳው ዛሬ ሸካራ ነበር።"

"ሜዳው ነው ቀይ የመዘዘው?"

"ነፋሱም..."

"አንተ ሰውዬ፣ የምትነግረኝ ካለህ ንገረኝ። የአየር ጠባዩን ከሬዲዮ እሰማለሁ።"

 ሚዛን እንደ መራራ መድኃኒት አይኑን ጨፍኖ ባንዴ ጨለጠው፦ "ቁጥሩን በተሳሳተ ረድፍ ጽፌው ነው። የመጀመሪያው ቢጫ የቀዮቹ ነበር። ጉቶ አልዋሸም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ምላጭ ስንት ዘመን ሙሉ በዳኛ ላይ ሲጮህ የኖረ ሰው ነው። አንዱ እንኳ መጥቶ ተሳሳትኩ ብሎት አያውቅም። አሁን ሰማይ ምድሩን ይገለብጠዋል ሲባል፣ ዞር ብሎ አውቶብሱ ውስጥ ባዶውን የጉቶ ወንበር አየ።

"ስሰድበው ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"የገባብንን ጎል አይመልሱልኝም።"

"አይመልሱም። ግን ሪፖርቱ ላይ ከጻፍኩት ጉቶ ከቅጣት ይድናል።"

"እንግዲያው ሂድና ንገረው። ታክሲ ሊይዝ ሄዷል።"

"እርስዎም ይምጡ።"

"እኔ ምን አጥፍቼ?"

"ውሸታም ያልኩት እኔ ነኝ?"

ተያይዘው ሄዱ። አንዱ ሌላው እንዲቀድመው ሲያዘግም፣ መንገድ ላይ ቆመው ሊቀሩ ምንም አልቀራቸውም። ጉቶ ታክሲ መያዣው ጋ ቦርሳው ላይ ተቀምጧል። ሚዛን ነገረው። ስህተትን ሁለተኛ ጊዜ መናገር ይቀላል ያለ ሰው ካለ ዋሽቷል።

"ጻፈው" አለ ጉቶ።

ሚዛን ሪፖርቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። ጉቶ ተቀብሎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበና መለሰለት። "'ተሳስቼ ሊሆን ይችላል' ነው የሚለው። ሊሆን ይችላል የምትለዋን ሰርዛት።"

ሰረዛትና "ተሳስቻለሁ" ብሎ ከላይዋ ጻፈ።

ጉቶ አሁን ምላጭን ያየው ጀመር። ምላጭ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ "በል ተነስ፣ ሰው እየጠበቀን ነው" ብሎ ቦርሳውን ያዘ። ጉቶ ከፍ ብሎ ለቀቀለትና አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ምላጭ አስር እርምጃ ሄዶ ዞረ።

"አትመጣም?"

"ቦርሳዋን ይውሰዷት። እሷ ውሸታም አልተባለችም።"

ምላጭ ተመልሶ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አለው። ሚዛን አንገቱን ቢያሰግግም አልሰማም።

"አልሰማሁም" አለ ጉቶ። ሰምቷል እንጂ።

ምላጭ ዳኛውን ገርመም አደረገና ደገመው፣ አሁን ጮክ ብሎ፦ "አጥፍቻለሁ አልኩህ። ያለ ስምህ ስም ሰጥቼሃለሁ።"

ጉቶ ሱሪውን አራግፎ ተነሳ።

ሚዛን ግን መጨረሻውን አላየም። ሪፖርት የሚሰበስበው ኮሚሽነር መኪናውን ሲያስነሳ ሰምቶ እየሮጠ ነበር። ሀሳቡን ሳይቀይር ሪፖርቱን በሰውየው እጅ ሊያደርገው። ኮሚሽነሩ በመስኮቱ ተቀብሎ አነበበ፣ የተሰረዘችው ቃል ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈ።

"ይቺን ባትሰርዛት አይሻልህም ነበር?" አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሌላ ቅጽ መኪናው ውስጥ አለኝ።"

ሚዛን ክብደቱን ካንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወረ፣ ደግሞ ወደ ቀድሞው መለሰ።

"አይሻለኝም" አለ፤ ሰውየው ቅጹን ፈልጎ ሳያወጣበት እየተቻኮለ ሄደ።